ውሃ የገባበትን ፓርኬ የሚያበላሹ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ፓርኬን ከዝናብ ይልቅ የሚጎዳው የፈረቃ ውሃ ነው። ውሃ የጠፋ ቀን ቧንቧው ይከፈታል፣ ጠብ አይልም፣ ሳይዘጋ ይረሳል። ሌሊት ውሃው ይመጣል፤ ጠዋት ሳሎኑ ኩሬ ሆኗል። ከዚያ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የሚለው ያው ነው፦ «ፓርኬው አለቀለት፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብዙ ጊዜ ግን አላለቀለትም። ድፍን እንጨት የሆነ ፓርኬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። የሚጨርሰው ከዚያ በኋላ የምናደርግበት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ላዩን አይቶ «ደርቋል» ማለት ነው። ወልውለን ስናበቃ ፓርኬው ያብረቀርቃል። ውሃው ግን በመገጣጠሚያው ሰርጎ እንጨቱና ሊሾው መሀል ገብቷል። ላዩን ቫርኒሽ ስለሸፈነው እንደልቡ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ስለዚህ የጣውላው የታችኛው ፊት ያብጣል፣ የላይኛው ባለበት ይቀራል። ጠርዝና ጠርዙ ይነሳል፣ መሀሉ ይጎደጉዳል። መዳፋችሁን በጣውላዎቹ አግድም ብታስኬዱት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ይላችኋል።

ስለዚህ ውሃውን ጠርጋችሁ እንደጨረሳችሁ ዞኮሎውን፣ ማለትም ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የተመታውን ጠባብ እንጨት አውልቁ። ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። ዞኮሎው ሲነሳ ከግድግዳው ጋር ያለው ክፍተት ይከፈትና ከታች ያለው እርጥበት መውጫ ያገኛል። ያበጠው እንጨትም መላወሻ ያገኛል። ክፍተት ሳይተውለት ከግድግዳ ግድግዳ ጥርቅም ተደርጎ የተነጠፈ ፓርኬ ሲያብጥ መሄጃ ስለሚያጣ ክፍሉ መሀል ላይ ተገንጥሎ ይነሳል።

ምንጣፉን ሳያነሱ ክፍል ማናፈስ ከንቱ ድካም ነው።

ማሞቂያ መደቀንም እንደዚሁ። ላዩ በአንዴ ደርቆ ሲኮማተር ታችኛው ገና እርጥብ ስለሆነ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የሚያስፈልገው ሙቀት ሳይሆን የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ቬንቲሌተሩን ወለሉ ላይ አስቀምጡና ነፋሱ ፓርኬውን እየዳሰሰ እንዲያልፍ አድርጉት። ከሰል አቀጣጥለው በር የሚዘጉ ሰዎችም አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል።

መስኮት ከፍቶ መርሳትም አለ። በበጋ ችግር የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ክፈቱት። በሐምሌና በነሐሴ ግን የውጭው አየር ራሱ እርጥብ ነው። ፀሐይ የወጣባቸውን ሰዓታት ተጠቀሙና ደመና ሲመጣ ዝጉት። እርጥበት መምጠጫ ማሽን በኪራይ ወይም በውሰት ካገኛችሁ ከሁሉም ይሻላል፤ እሱ ሲሠራ በርና መስኮቱ ዝግ ይሁን።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ፓርኬው እንዳበጠ ማሽን አስመጥቶ ማስላግ! ባለቤቱ ሞገዱን ማየት አስጠልቶታል፣ ማሽን ያለው ሰው ሥራ ይፈልጋል፣ በሁለት ቀን ወለሉ ልሙጥ ይሆንና ቫርኒሽ ይቀባል። ሁሉም ደስ ይለዋል። የተላገው ግን ያበጠው ጠርዝ ነው። ከወራት በኋላ የታችኛው እርጥበት ሲወጣ ጠርዙ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ያኔ ከመሀሉ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እያንዳንዱ ጣውላ መሀሉ ጉብ ይላል። ሥሩ እርጥብ ሳለ የተቀባው ቫርኒሽም ነጭ ነጭ ይልና መላጥ ይጀምራል።

ገርጂ አካባቢ የአንዲት አዛውንት እናት ቤት እንዲህ ሆኗል። ሮቶው ሞልቶ የፈሰሰው ኅዳር ላይ ነው፤ የልጃቸው ሰርግ ደግሞ ጥር ላይ። «እማማ፣ ሰርጉ ይለፍ፣ ምንጣፍ እየነጠፍን እንውጣው» ብዬ ለምኜ ነበር። ቤተሰቡ ቸኮለና አስላገው። ለሰርጉ አማረ። ሚያዝያ ላይ ሲጠሩኝ ወለሉ ጉብታ በጉብታ ሆኗል። ሌላ ሰው እንደገና ላገው። በሁለተኛው ዙር ጣውላዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ምላስ ድረስ ተደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ የሚላግ እንጨት የለም። ስንት ዓመት የኖረ ጥሩ እንጨት ነበር። ዝም ብለው ቢተዉት አብዛኛው ሞገድ በራሱ ጊዜ ይተኛ ነበር።

መቼ ይላግ ታዲያ? የእንጨት እርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ፈልጉ። የረጠበውን ክፍል ውሃ ካልነካው ክፍል ጋር ያወዳድርላችሁ፤ ቁጥሩ ሲቀራረብ ጊዜው ደርሷል። መለኪያ ካጣችሁ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጣውላው ወርድ ላይ አጋድሙና ከሥሩ የሚታየውን ክፍተት በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ ለኩ። እየጠበበ ከሆነ ገና እየደረቀ ነው፣ አትንኩት። ለብዙ ሳምንታት ባለበት ከቆመ ባለሙያ ጥሩ። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

የተነቀለ ፓርኬ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ጀርባውን በጠመኔ ቁጥር ጻፉበት፣ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ጥላ ውስጥ ደርድሩት። መልሳችሁ ከማጣበቃችሁ በፊት ሊሾው ላይ ላስቲክ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ዝጉት። በማግስቱ ላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ሊሾው አልደረቀም።

ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል ማናፈሱን ለነገ አታሳድሩት። ጥቁር ነጥብ ሲያዩ በረኪና መድፋት የተለመደ ነው። በረኪናው ላዩን ያነጣዋል፣ ውስጡ ያለው ግን አይጠፋም፤ የተበረዘበት ውሃ ደግሞ ተመልሶ እንጨቱ ውስጥ ይገባል።

ከመሬት ከፍ ተደርጎ ጣውላ የተነጠፈባቸው የድሮ ቤቶች ያላችሁ፣ ከመሠረቱ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች እዩ። ለአይጥ ተብሎ በሲሚንቶ ከተደፈኑ ጣውላው ከሥር አይደርቅም። ክፈቷቸውና ወንፊት ሽቦ አድርጉባቸው።

የማይድንም አለ። የሽንት ቤት ፍሳሽ የገባበትን ፓርኬ አንሱት፤ ቢደርቅም ንጹሕ አይሆንም። ላሚኔት የሚባለው ደግሞ ላዩ እንጨት ይምሰል እንጂ ውስጡ በሙጫ የተጠቀጠቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም፣ ቬንቲሌተር አታባክኑበት። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ በር ደፍ ላይ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ከወረደ ድፍን እንጨት ነው። ከላይ ስስ ሥዕል፣ ከሥሩ ቡናማ ብናኝ ካያችሁ ላሚኔት ነው።