በካፋ ጫካ ውስጥ የዛፍ ፈርንን እንዴት መለየት ይቻላል

ቦንጋ አካባቢ ጫካ የገባ ሰው ወንዝ ዳር አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ተክል ያይና «ዘንባባ ነው» ብሎ ያልፋል። እውነተኛው ዘንባባም እዚያው ስለሚበቅል አይፈረድበትም። ያየው ግን ምናልባት የዛፍ ፈርን፣ ማለትም እንደ ዛፍ ግንድ ያለው፣ አበባ የማያወጣ ተክል ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ሲያቲያ ማኒያና። ማኒያና የተባለው በ19ኛው መቶ ዘመን ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ዕፅዋት በሰበሰበው ጀርመናዊ በጉስታቭ ማን ስም ነው።

መጀመሪያ ውሃ ፈልጉ። ጥላና እርጥበት ወደማይለየው ጅረት ውረዱ። ደረቅ ሜዳ ላይ ይህን ተክል አታገኙትም።

ከዚያ ቀና ብላችሁ አናቱን እዩ። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። መሃሉ ላይ ገና ያልተፈቱት ቅጠሎች እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልለዋል? እንግዲያው ፈርን ነው። የዘንባባ አዲስ ቅጠል እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። የተዘረጋውንም አስተያዩት። የዘንባባው ጠንካራና እንደ ማበጠሪያ አንዴ ብቻ የተሰነጠቀ ነው። የፈርኑ ግን ተከፋፍሎ፣ ክፋዩም እንደገና ተከፋፍሎ፣ እንደ ዳንቴል የሳሳ ነው።

የቅጠሉን እጀታ ስትይዙ ተጠንቀቁ፤ እሾህ አለው። በእሾህ ብቻ ግን አትወስኑ። የዘንባባም ቅጠል ሥሩ አካባቢ ረጃጅም እሾህ ያወጣል። የፈርኑ እሾህ አጫጭር ነው፣ እጀታው ላይ ተበታትኖ ይገኛል። እጀታው ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ቡናማ፣ ስስ ቅርፊቶች ይታያሉ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቅጠሉን ገልብጡት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ጀርባው ላይ ክብ ክብ፣ ቡናማ ነጠብጣቦች ተደርድረው ብታዩ በሽታ ወይም ነፍሳት እንዳይመስላችሁ። ስፖር፣ ማለትም እንደ አቧራ የደቀቀ መራቢያ፣ የያዙ ከረጢቶች ስብስብ ናቸው። ይህ ተክል አበባም፣ ፍሬም፣ ዘርም የለውም፤ የሚራባው በእነዚህ ነው። ስፖሩ እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ልብ የሚመስል አረንጓዴ፣ ቅጠል መሳይ ነገር ይሆናል። ወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ጅረት ፈልጉ ያልኳችሁ ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ። ሁሉም ቅጠል ነጠብጣብ ስለሌለው፣ ከታጣ ሌላ ቅጠል ሞክሩ።

አደራ፣ አናቱን አትቁረጡ። የሚያድገው ከዚያች አንዲት ጫፍ ስለሆነ እሷ ከተቆረጠች ግንዱ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ለግቢ ብላችሁም አትንቀሉት። የሲያቲያ ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚመለከተው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

በስልካችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ አናቱን፣ የእጀታውን ሥርና የቅጠሉን ጀርባ። ዕፅዋት ለሚያውቅ ሰው ስታሳዩ ሦስተኛውን አስቀድሙ።