በአንድ ደመወዝ ቤተሰብ ይዞ አውስትራሊያ መግባት እንዴት ይቻላል?

ሜልቦርን የገባነው አራት ሆነን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 ዓመት ወንድ ልጃችንና ገና ጡት ያልጣለች እህቱ። ደመወዝተኛው ባለቤቴ ብቻ ነበር። ትንሿን የሚይዝልን ዘመድ እዚህ የለንም። እኔ ሥራ ብይዝ የማገኘው ለሕፃናት ማቆያ ይሄድ ነበር። ስለዚህ በአንድ ደመወዝ ለመኖር ቆርጠን ነው የመጣነው። ይቻላል፤ እኛም ችለነዋል። ግን ቅደም ተከተሉን ስላላወቅን ካጠራቀምነው ግማሹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አለቀ። ይህን የምጽፈው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው፤ በተለይ እንደ 189 እና 190 ባሉ በሙያ በሚሰጡ ቋሚ ቪዛዎች ለምትመጡ።

ገና አገር ቤት ሳላችሁ

ለቪዛው ስለሚጠየቀው የሙያ ምዘናና ነጥብ ብዙ ተብሏል፤ እሱን ልለፈው። ሰው የሚዘነጋው አብሮ የሚሄደውን የትዳር ጓደኛ እንግሊዝኛ ነው። ለመግባቢያ የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዳለው ማስረጃ ካላቀረበ ከ4,800 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዲግሪ ላለው ሰው ማስረጃው ቅርብ ነው። ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጣ። እኔ ለዚያች አንድ ገጽ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። የተረፈው ገንዘብ ኋላ የሁለት ወር ኪራያችን ሆነ።

የልጆችን የክትባት ካርድ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ቅቤና ቋንጣ አትያዙ፤ አይገባም። በርበሬና ሽሮ ከያዛችሁ ኤርፖርት በሚሞላው ካርድ ላይ «ምግብ ይዣለሁ» በሉ። መናገር አያስቀጣም፤ መደበቅ ግን ከባድ ቅጣት አለው።

ደመወዙ እጃችሁ የሚገባው ስንት ነው?

የሥራ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ታክስ ያልተነሳለት የዓመት ደመወዝ ነው። መጀመሪያ «ሱፐርን ጨምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሱፐር አሠሪው የሚያስቀምጥላችሁ የጡረታ ገንዘብ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ 12 በመቶ ሆኗል። ለአስቤዛ የሚሆን ገንዘብ አይደለም። 80,000 ዶላር ሱፐርን ጨምሮ ከሆነ ደመወዛችሁ 71,400 ገደማ ነው። ሱፐር ከ80,000ው በላይ የሚጨመር ከሆነ ደግሞ፣ በ2025-26 ተመን ታክስና 2 በመቶ የሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) መዋጮ ተነስቶ በወር ወደ 5,300 ዶላር ይገባላችኋል።

እዚህ ታክስ የሚታሰበው በነፍስ ወከፍ ነው፤ የባልና ሚስት ገቢ አይደመርም፣ አይካፈልም። እያንዳንዱ ሰው በዓመት እስከ 18,200 ዶላር ታክስ አይከፍልበትም። በአንድ ደመወዝ የሚኖር ቤት የሁለተኛውን ሰው 18,200 ሳይጠቀምበት ያልፋል። ትንሿ ከፍ ስትል እኔ ቅዳሜና እሁድ መሥራት ስጀምር ነው የገባኝ። ያገኘሁት ታክስ ሳይነካው እጄ ገባ።

ኪራይ የሚነገረው በሳምንት ነው። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ 500ን በ4 አባዝቼ በወር 2,000 ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስህተት ነው። በ52 አባዝታችሁ ለ12 አካፍሉት፤ 2,167 ይመጣል። በዓመት 2,000 ዶላር ጎደለብን ማለት ነው።

የመንግሥት ድጎማን በሒሳባችሁ ውስጥ አታስገቡ። በሙያ ቪዛ የመጣ ሰው ለሥራ አጥ ክፍያ 4 ዓመት መጠበቅ አለበት። ሜዲኬር ግን ወዲያው ይሰጣል። የታክስ ቁጥሩም በነጻ ነው፤ አስወጣላችኋለሁ ለሚል ሰው ሳንቲም አትክፈሉ።

መጀመሪያ ደመወዝተኛው ብቻውን ይሂድ

እኛ «ቤተሰብ አይለያይም» ብለን አራታችንም ተሳፈርን። ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ለሁለት ሳምንት ያዝን። ዘጠኝ ሳምንት ቆየን። ዛሬ ነገ እንወጣለን እያልን ሻንጣ እንኳ አልፈታንም። ልጄ ትልቁን ሻንጣ አጋድሞ እንደ ጠረጴዛ ይሥልበት ነበር። ለዚያ ቤት በሳምንት የምንከፍለው ከመደበኛው ኪራይ እጥፍ ነበር። አሥራ ሰባት ቤት አመልክተን አሥራ ሰባቱንም ተከለከልን።

ምክንያቱን ዘግይተን ነው የተረዳነው። እዚህ ቤት የሚሰጠው የኪራይ ኤጀንት ነው። እሱ የሚያየው የደመወዝ ወረቀትና የቀድሞ አከራይ ምስክርነት ነው። እኛ ሁለቱም አልነበረንም። ኪራዩ ከገቢ ሲሶ ካለፈ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ሌላ አመልካች ያልፋሉ። እኛ «ልጆች አሉን» ብለን ባለ ሦስት መኝታ ቤት እናመለክት ነበር።

የሠራልን እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያከራዩን እትዬ በሰዓቱ እንከፍል እንደነበር ደብዳቤ ጻፉልን፤ በእንግሊዝኛ አስተረጎምነው። ቋሚ ቪዛ ያለው ሰው ቪዛው በተሰጠ በ2 ዓመት ውስጥ እስከ 10 ሰነድ በመንግሥት ወጪ በነጻ ማስተርጎም ይችላል። የሥራ ውሉን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የደመወዝ ወረቀቶችና የባንክ መግለጫ ጨመርን። ማን እንደሆንን የሚናገር ግማሽ ገጽ ደብዳቤም ጻፍን። ከዚያ ወደ ባለ ሁለት መኝታ ወረድን። ፉትስክሬይ የሚባለው የሜልቦርን ሰፈር የእኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ ስላለበት ልባችን እዚያ ነበር። በባቡሩ ወደ ሰንሻይንና ሴንት አልባንስ ገፋ ስንል በሦስተኛው ማመልከቻ አገኘን። ቤት ማሳያው ሩብ ሰዓት ነው። በአካል ሂዱ፣ ያንኑ ቀን አመልክቱ። ቤቱን ሳታዩት ቦንድ (የቤት መያዣ ገንዘብ) ላኩ ለሚላችሁ አትላኩ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው በጋራ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ ሊሠራው ይችላል። ለሁለት ሦስት ወር መለያየት ከባድ ነው፤ በተለይ ለሕፃን። ቢሆንም ልጆች ወደተከራየ ቤት ቢመጡ ይሻላል እላለሁ። የቪዛውን ደብዳቤ ግን ደጋግማችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ሰው እስከ መቼ መግባት እንዳለበት ቀን ተቆርጦ ይጻፋል፤ እሱ እንዳያልፍባችሁ።

ቁልፉን ስትረከቡ

ሜልቦርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ሳምንታዊ ኪራዩ 900 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቦንዱ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ገንዘቡ የሚቀመጠው አከራዩ ዘንድ ሳይሆን በመንግሥት የቦንድ ባለሥልጣን ነው። የአንድ ወር ቅድሚያ ኪራይም ስላለ የሁለት ወር ገንዘብ አዘጋጁ። ፍሪጅና አልጋ ያገለገለ ግዙ።

ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ባዶውን ቤት ፎቶ አንሱ። እኛ ምንጣፉ ላይ የካውያ ጠባሳ የመሰለ ቡናማ ምልክት በመስኮቱ ሥር አገኘን። ኤጀንቱ በሰጠን የቤት ሁኔታ መግለጫ ላይ አልተጻፈም ነበር። ጎኑ ሳንቲም አስቀምጬ አነሳሁት፣ መግለጫው ላይ ጻፍኩት፣ ፈርሜ መለስኩ። ለመመለስ ያላችሁ 5 የሥራ ቀን ነው። ቅጂውን አስቀሩ።