መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሣ የቤት ሰርቨር፦ ፕሮክስሞክስን ከፍላሽ እንዴት እንጭናለን?

ከወፍራም መጽሐፍ ብዙም የማይበልጡ የቢሮ ኮምፒውተሮች አሉ፤ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ። ቢሮዎች በአዲስ ሲተኳቸው ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች ይመጣሉ። እኔም አዳማ፣ ቤቴ ውስጥ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ሦስት ደርድሬአለሁ። በአካባቢያችን ሐይቆች ስም ቆቃ፣ በሰቃ እና ዝዋይ ብዬ ሰይሜአቸዋለሁ። እኔ ኔትወርክ የተማርኩትም፣ ለሰፈራችን ልጆች ሊኑክስ የማሳየውም በእነርሱ ላይ ነው። ሰርቨር መማር የሚፈልግ ሰው ትልቅ የሰርቨር ክፍል እስኪያገኝ ዓመታት መጠበቅ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

አንዱን ማሽን ለብዙ የሚያካፍለውን ፕሮክስሞክስ የተባለ ሶፍትዌር መጫኑ ራሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ድካሙ ያለው ከእሱ በፊትና በኋላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰው ሳይነካው ራሱ የማይነሣ ማሽን ሰርቨር ሊባል አይችልም፤ ከዚህ በታች ያለውንም ሁሉ የጻፍኩት ይህንን እያሰብኩ ነው።

ሃይፐርቫይዘር ምን ይሠራል?

ብዙ ተከራይ ያለበትን ግቢ ያስቡ። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ ቦታው፣ ውሃውና የመብራት ቆጣሪው ግን የጋራ ነው። ሃይፐርቫይዘር አከራዩ ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ይዞ ለእያንዳንዱ ምናባዊ ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር ለተሠራ ኮምፒውተር፣ ድርሻውን ያካፍላል። በአንዱ ክፍል ዊንዶውስ፣ በሌላው ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ሊኖር ይችላል፤ የአንዱ ቢበላሽ ጎረቤቱ አይነካም። ኮንቴይነር የሚባል ቀለል ያለ ተከራይም አለ። እሱ ኩሽናውን ከአከራዩ ጋር ይጋራል፤ የራሱ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ስለሌለው በጥቂት ራም ይኖራል።

እኔ የምጠቀመው ሃይፐርቫይዘር ፕሮክስሞክስ ቪኢ ነው። የሚሠራው ቪየና፣ ኦስትሪያ በሚገኝ ድርጅት ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መሠረቱ ዴቢያን ሊኑክስ ነው፤ ምናባዊ ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ኬቪኤም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ሆኗል። ሶፍትዌሩ በነጻ ይወርዳል፤ የሚከፈለው ድጋፍ ለሚፈልግ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የቪኤምዌሩ ኢኤስኤክስአይም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ነጻው እትም እ.ኤ.አ. በ2024 ተቋርጦ በ2025 ተመልሷል። ሰው ትምህርቱን በሚሄድና በሚመጣ ነገር ላይ ባይመሠርት ይሻላል።

መጀመሪያ ክዳኑን ይክፈቱ

በሁለተኛ እጅ የተገዛን ማሽን ሳልከፍት ሥራ ጀምሬ አላውቅም። በታይኒው ጀርባ ያለችውን አንዷን ብሎን ሲፈቱ ክዳኑ ተንሸራቶ ይወጣል። በቅርቡ በከፈትኩት ማሽን ውስጥ አቧራው በማራገቢያውና በማቀዝቀዣው ስስ ብረቶች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። አንዱን ጥግ በጥርስ መጎርጎሪያ ብድግ ሳደርገው ሁሉም ተያይዞ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ወጣ፤ ወደ ብርሃን ሳነሣው በማዶው ምንም አይታይም ነበር። ያ ማሽን እስከዚያ ቀን ድረስ አየር ሳያገኝ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። በሚጠርጉበት ጊዜ ማራገቢያውን እንዳይሽከረከር በጣትዎ ያዝ ያድርጉት።

አዳማ ላይ ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። በከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ነፋስ አቧራውንም በየመስኮቱ ያስገባል፤ ቀኑም ይሞቃል። ስለዚህ ማሽኑን ዝግ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም የፍሪጅ አናት ላይ አያስቀምጡት፤ በየሁለትና ሦስት ወሩም ከፍተው ይጥረጉት።

ክፍት እያለ ራሙን ይመልከቱ። ለመለማመድ 8 ጊጋባይት ያስኬዳል፤ 16 ካለ ግን ሦስት አራት ምናባዊ ማሽን በምቾት ይሠራል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ፕሮሰሰሩ ከስድስተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ኢንቴል ኮር አይ5 ከሆነ አራት ወይም ከዚያ በላይ ኮር አለው፤ በስሙ መጨረሻ ላይ ቲ የሚል ፊደል ያለበት ዓይነት በ35 ዋት የተወሰነ በመሆኑ ቆጣሪውንም ብዙ አያሯሩጥም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፋትን ትንሽ ነገር ይፈልጉ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ። ኮምፒውተሩ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን የሚያስታውሰው በእሷ ነው። አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቆቃና ዝዋይ ተነሡ፣ በሰቃ ግን ቀረ። ገመዱን ቀየርኩ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ሁለት ቀን ለፋሁ። በመጨረሻ ስክሪን ስሰካበት ሰዓቱና ቀኑ ጠፍቶኛል፣ ለመቀጠል ቁልፍ ይንኩ ብሎ ቆሟል። ኪቦርድ ያልተሰካበት ማሽን ያንን ቁልፍ ማን ይንካለት? ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ማሽን ስገዛ ባትሪዋን በዚያው ቀን እለውጣለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ከፕሮክስሞክስ ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ መጫኛውን የያዘውን የአይኤስኦ ፋይል ያውርዱ። ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አንዴ አውርደው ለጓደኞችዎም ቢያካፍሉ መልካም ነው። ካወረዱ በኋላ ግን ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ። ከማውረጃው ጎን ኤስኤችኤ256 የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ተጽፏል። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ ካለ ፋይሉ ላይ በማውዝ ቀኝ ጠቅ አድርገው የኤስኤችኤ256 ስሌቱን ማሠራት ይቻላል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከአንድ ፊደል እንኳ ከተለያዩ እንደገና ያውርዱ። በሚቆራረጥ ኢንተርኔት የወረደ ፋይል ግማሽ መንገድ ላይ ሄዶ ስህተት ሲያሳይ ሰው ጥፋቱን ከማሽኑ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ፋይሉን ፍላሹ ላይ ገልብጦ መለጠፍ አይሠራም። ባሌና ኤቸር ወይም ሩፈስ በተባሉት ፕሮግራሞች መጻፍ አለበት። ባለ 4 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል፤ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይርሱ። ሩፈስን የሚጠቀሙ ከሆነ ግራብ የተባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ሌላ እትም ላውርድ ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ይበሉት፤ የአጻጻፍ ዓይነት ሲያስመርጥም ዲዲ የሚለውን ይምረጡ። ጽፎ ሲጨርስ ዊንዶውስ ፍላሹን ማንበብ ስለማይችል ፎርማት ላድርገው ሊል ይችላል። አይፍቀዱለት፤ ፍላሹ ደህና ነው።

ባዮስ ውስጥ የሚስተካከሉ ነገሮች

ማሽኑን ሲያበሩ ወደ ባዮስ (ከሁሉ በፊት ወደሚነሣው የማሽኑ ማስተካከያ ፕሮግራም) ለመግባት በሌኖቮ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ቁልፍን ደጋግመው ይንኩ። አንደኛ፣ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ፈልገው ያብሩት፤ በኤኤምዲ ማሽኖች ኤስቪኤም ተብሎ ይጻፋል። ይህ ካልበራ ፕሮክስሞክስ ይጫናል፣ ምናባዊ ማሽን ማስነሣት ላይ ግን ይቆማል። ሁለተኛ፣ መብራት ከተቋረጠ በኋላ ምን ላድርግ የሚለውን ይፈልጉ፤ በሌኖቮ አፍተር ፓወር ሎስ፣ በዴል ኤሲ ሪከቨሪ ይባላል። ምርጫው ፓወር ኦን ይሁን። ወደነበረበት ይመለስ የሚል ምርጫም አለ፤ እኔ ሁልጊዜ ይነሣ የሚለውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ያዩታል። ሰዓቱንም አስተካክለው፣ ለውጡን አስቀምጠው ይውጡ።

ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡት የተባለ የባዮስ ምርጫ በተመለከተ ከ8.1 ወዲህ ያሉት የፕሮክስሞክስ እትሞች ይቀበሉታል፤ ለቆየ እትም ያጥፉት።

መጫን

የኔትወርክ ገመዱን ከራውተሩ ወደ ማሽኑ አሁኑኑ ይሰኩ። በዋይፋይ እሠራለሁ ብለው አይነሡ፤ ምናባዊ ማሽኖቹን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው የፕሮክስሞክስ ድልድይ የተሠራው ለገመድ ነው። ፍላሹን ሰክተው በሌኖቮና በዴል ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነክተው ፍላሹን ይምረጡ። ከሚመጣው ዝርዝር የመጀመሪያውን፣ በሥዕል የሚመራውን መጫኛ ይያዙ።

የፈቃድ ስምምነቱን ካለፉ በኋላ ዲስክ ያስመርጣል። የተመረጠው ዲስክ ሙሉ በሙሉ ይጠረጋል፤ የቀድሞው ባለቤት ፎቶም ሆነ የእርስዎ ሰነድ አይተርፍም። አንድ ዲስክና 8 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን እዚያው የሚያገኙትን ኤክስት4 የተባለ የፋይል ሥርዓት አይቀይሩት። ዜድኤፍኤስ የተባለው ሌላው የፋይል ሥርዓት ግሩም ነገር ነው፣ ራም ግን ይወዳል፤ ሁለት ዲስክና ሰፊ ራም ሲኖርዎት ይመለሱበታል።

አገር ሲጠይቅ ኢትዮጵያ ብለው ሲጽፉ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል ይይዛል። ኪቦርዱን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ያድርጉት፤ አለዚያ የይለፍ ቃልዎ ምልክቶች ቦታ ተለዋውጠው ነገ መግባት ያቅትዎታል። ሰዓቱ በ24 ይቆጠራል፤ ወደፊት የመጠባበቂያ ቅጂ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲወሰድ ሲፈልጉ 02:00 ብለው ያዝዛሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የኔትወርክ ገጽ ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የማሽኑ ስም በመካከሉ ነጥብ ያለው ሙሉ ስም መሆን አለበት፤ ምናባዊ ማሽኖች ከገቡ በኋላ ስም መቀየር አድካሚ ስለሆነ አሁን አስበው ይሰይሙ። የአይፒ አድራሻው ቋሚ ነው። ራውተርዎ 192.168.1.1 ከሆነ ለማሽኑ ለምሳሌ 192.168.1.50/24 ብለው ይስጡት፤ ጌትዌዩ የራውተሩ አድራሻ ነው። የመረጡት ቁጥር ራውተሩ ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን፤ አለዚያ አንድ ቀን እንግዳ ስልክ ይዞ ቤትዎ ሲገባ የማሽኑን አድራሻ ይወስድበታል። ገጹ ላይ በ192.168.100 የሚጀምር አድራሻ ተሞልቶ ካገኙና ራውተርዎ በዚያ ክልል ካልሆነ፣ ማሽኑ ኔትወርክ አላገኘም ማለት ነው። ገመዱን ያረጋግጡ፤ ዝም ብለው ቀጥል አይበሉ።

ማጠቃለያውን አንብበው መጫኑን ይጀምሩ። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ አይደንግጡ፤ ዲስኩ ቀድሞውንም የሚጠረግ ስለሆነ ከመጀመሪያው መድገም ነው። ሲጨርስ ፍላሹን ይንቀሉ፤ ከተተወ መጫኛው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ከሌላ ኮምፒውተር መግባት

ከዚህ በኋላ ስክሪኑና ኪቦርዱ አያስፈልጉም። በላፕቶፕዎ ማሰሻ ላይ ኤችቲቲፒኤስ አስቀድመው 192.168.1.50:8006 ብለው ይጻፉ። ማሰሻው አደጋ አለ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ማሽኑ የምስክር ወረቀቱን ለራሱ ስለፈረመ ነው። ቤትዎ ውስጥ ያለው የራስዎ ማሽን ስለሆነ ይቀጥሉ። የተጠቃሚ ስሙ ሩት (root)፣ የይለፍ ቃሉ ሲጭኑ የሰጡት ነው፤ ከሥሩ ሊኑክስ ፓም የሚለው ይመረጥ።

ደንበኝነት የለዎትም የሚል መልእክት ይመጣል፤ እሺ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን በማሽኑ ስም ሥር ካለው የማሻሻያ ክፍል ሪፖዚተሪስ የሚለውን ከፍተው ኢንተርፕራይዝ የተባሉትን ያጥፉ፣ ኖ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን ይጨምሩ። ይህ ካልተደረገ የፕሮክስሞክስ ማሻሻያዎቹ አይደርሱዎትም። ከዚያ ዝርዝሩን አድሰው ማሻሻያውን ያስገቡ።

የመጀመሪያውን ምናባዊ ማሽን ሲፈጥሩ ራሙን ቆጥበው ይስጡ። አከራዩ ራሱ የሚተኛበት ክፍል ያስፈልገዋል፤ ከ8 ጊጋባይት ውስጥ 2ቱን ለፕሮክስሞክስ ይተዉለት። ሌላው የማይዘነጋው፣ በእያንዳንዱ ምናባዊ ማሽን የምርጫዎች ገጽ ላይ ስታርት አት ቡት የሚለው ነው። ካልበራ፣ ከመብራት መቋረጥ በኋላ አከራዩ ይነሣል፣ ተከራዮቹ ግን እንደተኙ ይቀራሉ።

ማሽንዎ ከአንድ በላይ ከሆነ በክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ቡድን፣ ማያያዝ ይቻላል፤ ከሁለት ግን ሦስት ይሻላል። ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ሲጠፋ ሌላው አብላጫ ድምፅ ስለማያገኝ አዲስ ነገር አልሠራም ይላል። ወደ ክላስተር የሚገባው ማሽንም ምናባዊ ማሽን ያልተፈጠረበት መሆን አለበት።

አሁን ፈተናው ቀርቷል። ኡቡንቱ ያለበት አንድ ምናባዊ ማሽን እያለዎት ፕሮክስሞክስን ከገጹ ላይ በሥርዓት ያጥፉትና የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። በሥርዓት ስለጠፋ ዲስኩ አይጎዳም፤ ባዮሱ ላይ ወደነበረበት ይመለስ የሚለውን መርጠው ቢሆን ግን እንደጠፋ ይቀር ነበር። ቡና አንድ ጊዜ እስኪቀዳ ይጠብቁና መልሰው ይሰኩት። ቁልፉን አይንኩት። መጀመሪያ ማራገቢያው ጮኽ ብሎ ይነሣል፣ ወዲያው ዝግ ይላል፤ ከዚያ በኔትወርክ ገመዱ መሰኪያ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። ላፕቶፑ ላይ ገጹን እያደሱ ይጠብቁ። ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ በኋላ የመግቢያው ሳጥን ይመጣል፤ ሲገቡም ከግራ በኩል ኡቡንቱው አረንጓዴ ምልክቱን ይዞ ይሠራል።