ስታር ዋርስ ዝናው ይገባዋል? ክርክሩን የሚያበላሹ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ፊልም የሚወዱ ወጣቶች በተሰበሰቡበት፣ ስታር ዋርስ የሚባለው የጠፈር ጦርነት ፊልም ዝናው ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር አይጠፋም። ፒያሳ ጀበና ቡና ላይ ይነሳል። ኮምቦልቻ የሚማሩት ዶርም ውስጥ ያነሱታል። አንዱ "ከስታር ዋርስ በላይ ፊልም የለም" ይላል። ሌላው "ዝም ብሎ የተካበደ ነገር ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ዝናው ይገባዋል ባይ ነኝ፤ በስሙ የወጣው ሁሉ ግን አይገባውም። የቱ እንደሚገባው ለመለየት መጀመሪያ ክርክሩን ከሚያበላሹት ስህተቶች መራቅ ያስፈልጋል።

በቁጥር ተራ ማየት

ፊልም የሚጭን ልጅ ጋ ሄዳችሁ "ስታር ዋርስ ጫንልኝ" ስትሉት ፍላሻችሁ ላይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ተደርድሮ ይመጣል። ሰው ደግሞ ከአንድ ነው የሚጀምረው። ችግሩ ክፍል አንድ የሚባለው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑ ነው። በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ክፍል አራት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ከ1999ኙ የጀመረ ሰው የንግድ ቀረጥ ጭቅጭቅና የምክር ቤት ስብሰባ እያየ ይሰለቻል። ከዚያ የባሰው ግን፣ በ1980ው ፊልም መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው ትልቁ ምስጢር ቀድሞ ይፈታበታል። ምስጢሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ያላያችሁ ትኖራላችሁ። 1977፣ ከዚያ 1980፣ ከዚያ 1983። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሰው ክርክር መዋስ

ዩቲዩብ ላይ አሜሪካዊው "ልጅነቴን አበላሹብኝ" እያለ በአዲሶቹ ፊልሞች ይናደዳል። እኛም ሰፈር ያንኑ ንዴት እንዳለ የሚደግሙ አሉ። የእሱ ናፍቆት እውነት ነው፤ ግን የእሱ ነው። የመጀመሪያው ፊልም አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የቀረበው ግንቦት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1977) ነው። ያኔ እዚህ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ ወላጆቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሚያነሱት ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቻችን ፊልሙን ያገኘነው ካደግን በኋላ፣ በላፕቶፕ፣ ስንቱን ሌላ ፊልም ካየን በኋላ ነው። ይህ እንዲያውም ይጠቅመናል። አሻንጉሊቱ ቤታችን አልነበረም፤ ትዝታ አይጎትተንም። ትዕይንቱ ያዘኝ ወይስ አልያዘኝም ብለን ፊልሙን ራሱን መመዘን እንችላለን። ታዲያ ይህን ዕድል ይዘን ለምን በተውሶ ንዴት እንከራከራለን?

ገንዘቡን ማስረጃ ማድረግ

ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2012 የስታር ዋርስን ፊልሞች የሚሠራውን ሉካስፊልምን የገዛው በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ የሚያሳየው ገዢው ትርፍ እንደታየው ነው፤ ስለ ፊልሙ ጥሩነት አይናገርም። የተገላቢጦሹም ስህተት ነው። "ማስታወቂያና አሻንጉሊት ነው ያገነነው" የሚሉ አሉ። ፊልሙ በ1977 ሲከፈት የታየው ከ40 ባነሱ ሲኒማ ቤቶች ነው። የዚያን ዓመት የፈረንጅ ገና ሲደርስ ደግሞ አሻንጉሊቶቹ ገና አልተሠሩም። ኬነር የተባለው ኩባንያ ለወላጆች የሸጠው "በኋላ ይላክላችኋል" የሚል ወረቀት የያዘ ፓኬት ነበር። ሰው ፊልሙን ወደደ፤ ዕቃው ከኋላ ተከተለ።

በዛሬ ዓይን መፍረድ፣ በስልክ ስፒከር መስማት

"ኢፌክቱ አርጅቷል" የሚል ሰው አንድ ነገር ያጣራ። እጁ ላይ ያለው ኮፒ የ1977ቱ ላይሆን ይችላል። የፊልሙ ፈጣሪና ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ በ1997 በኮምፒውተር የተሠሩ ፍጥረታትና ትዕይንቶች ጨምሮ እንደገና አውጥቶታል፤ አሁን በብዛት የሚገኘውም የተነካካው ነው። በረሃማዋ ከተማ ውስጥ ካሜራ ፊት የሚያልፉትን ግዙፍ እንስሳት አይታችሁ "የድሮ ፊልም ያስታውቃል" ካላችሁ፣ የፈረዳችሁት ከሃያ ዓመት በኋላ በተለጠፈው ላይ ነው።

የመክፈቻውን ትዕይንት አስታውሱት። ትንሽ መርከብ ትሸሻለች። ከላይ በኩል ትልቁ ይከተላታል። ይመጣል፣ ይመጣል፣ አያልቅም። ያ ግዙፍ መርከብ አንድ ሜትር የማይሞላ ሞዴል ነው። ሞዴሉ ቆሞ ካሜራው ነው የሚንቀሳቀሰው። ጆን ዳይክስትራና ባልደረቦቹ የካሜራውን እንቅስቃሴ የሚመዘግብና ያንኑ ሳያዛንፍ ደጋግሞ የሚሠራ መሣሪያ ሠሩ። እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት ስለሆነ መርከቡን ለብቻ፣ መብራቱን ለብቻ ቀርፀው ይደራርቡታል። ዛሬ ይህን በኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ ደሴም ይገኛል። ያኔ ግን መሣሪያው ራሱ ከባዶ መፈጠር ነበረበት።

እኔን ከምስሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ድምፁ ነው። ባለሙያው ቤን በርት ይባላል። የብርሃን ሰይፉን ጉምጉምታ ያገኘው ከፊልም ፕሮጀክተር ሞተርና ማይክ ቴሌቪዥን አጠገብ ሲያልፍ ከሚሰማው ረብሻ ነው። ሰይፉ ሲወናጨፍ ድምፁ የሚለዋወጠውስ? የተቀዳውን በስፒከር ከፍቶ፣ ሌላ ማይክ በስፒከሩ ፊት ወዲያና ወዲህ እያወናጨፈ እንደገና ቀዳው። በቃ፣ ይኸው ነው። የመሣሪያዎቹ የተኩስ ድምፅ የሬዲዮ ማማ ወጥሮ የሚይዝ የብረት ገመድ በመዶሻ ሲመታ ነው። የዋናው ክፉ ገጸ ባሕርይ፣ የዳርዝ ቬደር ትንፋሽ ከጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ መሣሪያ የተቀዳ ነው።

ለዚህ ነው ከላዩ ተራኪ የሚያወራበትን ወይም በስልክ ስፒከር የሰማችሁትን ይዛችሁ አትፍረዱ የምለው። የበርት ሥራና የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ከሥር ይቀበራሉ። ጆሮ ማዳመጫ ፈልጉ፣ ሰብታይትል ክፈቱ። ፊልሙ በ1978 ያገኛቸውን ስድስት ኦስካሮች ብታዩ ሁሉም የእጅ ሙያ ሽልማቶች ናቸው፦ ድምፅ፣ ሙዚቃ፣ ኤዲቲንግ፣ አልባሳት፣ የሥነ ጥበብ ዳይሬክሽንና ኢፌክት። ለበርት ደግሞ ለብቻው ልዩ ሽልማት ተሰጥቶታል። ዝናው ይገባዋል ስል በመጀመሪያ የማስበው እነዚህን ሰዎች ነው።

"የተወሰደ ታሪክ ነው" ብሎ መዝጋት

መወሰዱስ ተወስዷል። ሉካስ የጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋ በ1958 ካወጣው ዘ ሂደን ፎርትረስ መነሻ ማግኘቱን ራሱ ተናግሯል። ሁለት ተራ ሰዎች እየተነታረኩ በትልቅ ጦርነት መሃል ያልፋሉ፤ ስታር ዋርስ ላይ ሁለቱ ሮቦቶች ሆነዋል። የጠፈሩ ውጊያም የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ውጊያ ፊልሞችን እያዩ የተሠራ ነው።

ይህን ክስ ግን የወሎ ሰው ሲያነሳው ይገርመኛል። አምባሰል እዚሁ ጎረቤታችን ነው። በቅኝቱ ስንት ድምፃዊ ዘፍኗል? አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው። አንዱ ሲጫወተው ሆድ ያባባል፣ ሌላው ሲጫወተው ጆሮ ላይ ሳይቆይ ያልፋል። "ቅኝቱን ከሌላ ወሰደ" ብሎ ድምፃዊ የሚከስ አላየሁም። የምንጠይቀው ምን አደረገበት ብለን ነው። ሉካስ በተዋሰው ላይ ያደረገው አለ። ዓለሙን ያገለገለ አደረገው። መርከቦቹ ቆሽሸዋል፣ ሮቦቶቹ ተጫጭረዋል፣ የኮንትሮባንዲስቱ ሃን ሶሎ መርከብ በተፈለገች ሰዓት አልነሳም ትላለች። ሰው የሚኖርበት ዓለም ይመስላል።

ሁሉንም ሉካስ ላይ መጫን

ሲወደስም ብቻውን፣ ሲወቀስም ብቻውን ነው። የ1977ቱን ኤዲት ያደረጉት ማርሻ ሉካስ፣ ፖል ኸርሽና ሪቻርድ ቹ ናቸው። ብዙዎች ከሁሉ ይበልጣል የሚሉትን የ1980ውን ፊልም ዳይሬክት ያደረገው ኢርቪን ከርሽነር ነው፤ ጽሑፉ የሊ ብራኬትና የሎረንስ ካስዳን ነው። ዳርዝ ቬደር እንኳ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አካሉ ዴቪድ ፕሮውስ፣ ድምፁ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ሉካስ ራሱ ዳይሬክት ያደረጋቸው የ1999፣ የ2002 እና የ2005 ፊልሞች ምናባቸው ሀብታም ነው፤ ንግግራቸው ግን ደረቅ ነው። ያለ እነዚያ ሰዎች ምን እንደሚጎድል ያሳያሉ።

"ጠፈር ላይ ድምፅ የለም" ማለት

እውነት ነው፣ የለም። ግን ፊልሙ ገና ሲጀምር ድሮ ድሮ፣ በጣም ሩቅ በሆነ ጋላክሲ ብሎ ተረት መሆኑን ይነግራችኋል። በተረት ላይ ፊዚክስ አንጠይቅ።

ያልወደደውን "አልገባህም" ማለት

ይህ ከሁሉም የሚከፋው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እዚህ የነበረ ሰው ተኩስን እንደ ጨዋታ ማየት ቢያቅተው ማንም ሊፈርድበት አይችልም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ተመልካች ሌላው ያለፈውን ያያል። አብራኝ የ1977ቱን ያየች አንዲት ጓደኛዬ የጠየቀችኝን ምንም የዩቲዩብ ተንታኝ ሲያነሳው አልሰማሁም።

ልዕልት ሌያ አገሯ አልደራን፣ ፕላኔቷ በሙሉ፣ ዓይኗ እያየ በአንድ ተኩስ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሉክ መምህሩን አጥቶ መርከቡ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ሌያ ትመጣና ብርድ ልብስ ትደርብለታለች፣ ታጽናናዋለች። ጓደኛዬ ፊልሙን አቁማ "እሷንስ ማን ለቅሶ ደረሳት?" አለችኝ።

ማንም አልደረሳትም። ፊልሙ ወደሚቀጥለው ውጊያ ይሮጣል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ የፊልሙ ወዳጆች ነን የምንል መቀበል አለብን። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 የወጡት ሦስቱ ፊልሞችም አላረሙትም፤ እዚያ ደግሞ በርካታ ፕላኔቶች በአንዴ ይጠፋሉ፣ ሐዘኑ ከዚያም ያንሳል።

ያረመው አንዶር የተባለው የስታር ዋርስ ተከታታይ ድራማ ነው። ቶኒ ጊልሮይ የፈጠረው ሲሆን በ2022 እና በ2025 በሁለት ምዕራፍ፣ በ24 ክፍሎች ወጥቷል። የብርሃን ሰይፍ የያዘ፣ ጄዳይ የሚባል ተዋጊ አታዩበትም። ያሉት ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ እስረኞች ናቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ መዝጊያ ክፍል ከሞላ ጎደል የአንዲት አሮጊት ቀብር ነው። የከተማው ሰው በሙሉ ወጥቶ፣ ሙዚቀኞች ከፊት ሆነው፣ ከአመዷ የተሠራውን ጡብ ይዘው ይሸኟታል። አንዲት ሴት ናት የሞተችው፤ ከተማ ሙሉ ለቅሶ ይደርሳታል። ለጓደኛዬ የጫንኩላት ይህንን ነው። ስታር ዋርስ ለእኔ አይሆንም ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ እናንተም ከዚህ ጀምሩ፤ የ1977ቱ በኋላ ይደርሳል።