የስፖርት ጨዋታን በቀጥታ ሲያስተላልፉ ድምፁንና ኮሜንታሪውን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

የሰፈር ውድድርም ሆነ የወረዳ ዋንጫ በዩቲዩብ ወይም በፌስቡክ በቀጥታ የሚያስተላልፉ ሰዎች ገንዘባቸውን አስቀድመው የሚያወጡት ለካሜራ ነው። ተመልካቹ ግን ምስሉ ቢደበዝዝ ይታገሣል፤ ድምፁ ሲሰነጠቅ ወይም ኮሜንታተሩ በጩኸት ሲዋጥ ግን ዘግቶ ይሄዳል። ስለዚህ ያለዎት ገንዘብ አንድ ዕቃ ብቻ የሚያስገዛ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ካሜራ ትተው ማይክ ይግዙ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ አንድ ካሜራ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ አነስተኛ የድምፅ ካርድና ኦቢኤስ (OBS) የተባለው ነፃ የቀጥታ ስርጭት ፕሮግራም አለ ብሎ ይነሣል።

ማይኩ ከአፍ አይራቅ

ከማይኩ ዋጋ ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው ከአፍ ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል፤ የሕዝቡ ጩኸት ግን ከሩቅ የሚመጣ ስለሆነ ባለበት ይቆያል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ትንሹን ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ ኮንደንሰር ማይክ ስቱዲዮ ውስጥ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሜዳ ላይ ከበሮውን፣ ጡሩምባውንና ከኋላ ያለውን ጄነሬተር ሁሉ ይሰበስባል። የሚሻለው ዳይናሚክ ማይክ (የቅርቡን ድምፅ እንጂ የሩቁን ብዙም የማይቀበል) የተገጠመለት ሄድሴት ነው፤ ኮሜንታተሩ ኳሷን ለመከተል አንገቱን ሲያዞር ማይኩም አብሮት ይዞራልና። ይህ ካልተገኘ የመድረክ ዘፋኞች የሚይዙት ተራ ዳይናሚክ ማይክ በቂ ነው። ማይኩ ከከንፈር ሁለት ጣት ያህል ርቆ፣ ወደ አፍ ጥግ ዘንበል ይበል፤ አለበለዚያ ጴጥሮስ ወይም ጳውሎስ የሚባል ተጫዋች ኳስ በነካ ቁጥር የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን በቀጥታ ይመታዋል። ስፖንጅም ያልብሱት።

ኮሌታ ላይ የሚሰኩት ርካሽ ገመድ አልባ ማይኮች ለቃለ መጠይቅ እንጂ ለጨዋታ አይመቹም። ከየአቅጣጫው ድምፅ ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹም በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ፣ ብዙ ስልክ በተሰበሰበበት ቦታ ሊቆራረጡ ይችላሉ።

ዋናው ፈተና፦ የጎሉ ጩኸት

አብዛኛው ሰው የድምፁን መጠን የሚያስተካክለው ኮሜንታተሩ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ሲል ነው። እንዲህ የተስተካከለ ማይክ ጨዋታው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ጥሩ መስሎ ይቆይና፣ ተመልካቹ የሚጠብቀው ጎል ሲቆጠር ይሰነጠቃል። ድምፁ የድምፅ ካርዱ ሊቀበለው ከሚችለው በላይ ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጫፉ ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲያ በፕሮግራሙ ላይ መጠኑን ቢቀንሱት ዝግ ያለ ስንጥቅ ይሰማሉ እንጂ ድምፁ አይድንም።

ስለዚህ መለካት የሚጀመረው ከጩኸቱ ነው። ከጨዋታው በፊት ኮሜንታተሩ በሙሉ ድምፁ ጎል እንዲያበስር ይጠይቁት። ባዶ ሜዳ ላይ መጮህ ስለሚያሳፍር መጀመሪያ በግማሽ ልብ ይጮኻል፤ እውነተኛው ድምፁ እስኪወጣ ድረስ ይጎትጉቱት። በካርዱ ላይ ያለውን የጌን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን) መዞሪያ፣ ያ ጩኸት ጣሪያው 0 በሆነው የኦቢኤስ መለኪያ ላይ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርገው ያቁሙትና ከዚያ በኋላ አይንኩት። ተራው ንግግር ያን ጊዜ -25 አካባቢ ይወርዳል። ዝቅ ማለቱ ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠበው፣ ከፍ ያለውን ድምፅ ብቻ የሚጫነው ኮምፕሬሰር ነው።

ኮምፕሬሰሩን ከማይኩ ፊልተሮች ውስጥ ይጨምሩ። ኦቢኤስ አስቀድሞ የሚያቀርበው የ10 ለ1 ሬሾ (የመጫኑ መጠን) የደስታውንም የቁጭቱንም ድምፅ አንድ ዓይነት አድርጎ ስለሚደፈጥጥ ወደ 3 ለ1 ዝቅ ያድርጉት፤ ትሬሾልዱን (መጫን የሚጀምርበትን ከፍታ) -24 ላይ፣ የውጤት ጌኑን ደግሞ 10 ላይ ያስቀምጡ። በዚህ ስሌት -25 የነበረው ንግግር ወደ -15 ከፍ ይላል፤ -6 የነበረው ጩኸት ግን -8 አካባቢ ይቆማል። 19 ዴሲቤል የነበረው ልዩነት ወደ 7 ጠበበ ማለት ነው፤ ጎሉ አሁንም ጎል ይመስላል፤ የተመልካቹ ጆሮ ግን አይጎዳም። በመጨረሻ ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚያግደውን ሊሚተር -3 ላይ ያክሉ። ኦቢኤስ ፊልተሮቹን ከላይ ወደ ታች በተራ ስለሚሠራባቸው ሊሚተሩ ከሁሉም በታች መሆን አለበት።

ብዙ የዩቲዩብ አስተማሪዎች የሚመክሩትን ኖይዝ ጌት (ድምፅ ሲያንስ ማይኩን እንደ በር የሚዘጋ ፊልተር) ለጨዋታ አልደግፈውም። ጸጥ ባለ ክፍል የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ሜዳ ላይ የሕዝቡ ጩኸት በሩን እየከፈተና እየዘጋ የቃላቱን መጀመሪያ ይቆርጣል።

የሕዝቡ ድምፅ ለብቻው ይግባ

የሕዝብ ድምፅ የሌለው ጨዋታ ልምምድ ይመስላል፤ ስለዚህ ሌላ ማይክ ለደጋፊው ይመደብ። አዲስ አበባ ስታዲየም ቢሆን ማይኩ ካታንጋ ወደሚባለው የደጋፊዎች መቀመጫ ይዞር እንጂ ካታንጋ መካከል አይተከል፤ በቅርብ ሲሆን የሚሰማው የሁሉም ዝማሬ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው የአንድ ሰው ስድብ ነው፤ ያም ስድብ በቀጥታ ወደየቤቱ ይገባል። ከኮሜንታተሩም ቢያንስ አሥር ሜትር ያርቁት። ሲቀራረቡ የኮሜንታተሩ ድምፅ በሁለቱም ማይኮች ትንሽ ተቀዳድሞ ስለሚገባ ከበርሜል ውስጥ የሚናገር ይመስላል። በዚሁ ምክንያት የካሜራው ማይክ የማይፈለግ ከሆነ ይዘጋ። የዚህኛው ማይክ መጠን ከኮሜንታተሩ ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፤ ድምፅ ማጥሪያ ፊልተር ግን በፍጹም አይደረግበት፤ ፕሮግራሙ ሕዝቡን ራሱን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያጠፋዋልና።

ድምፅና ምስል ማገናኘት

ምስሉ ካሜራውን ከላፕቶፑ በሚያገናኘው ካፕቸር ካርድ በኩል ሲያልፍ ከድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ካሜራው ፊት ቆመው አንድ ጊዜ በማይኩ አጠገብ ያጨብጭቡ፤ ቀድተውም በዝግታ ይመልከቱት። በሴኮንድ 25 ፍሬም በሚቀዳ ምስል አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ድምፁ በ3 ፍሬም ቀድሞ ከተሰማ በኦቢኤስ የሲንክ ኦፍሴት (ድምፁን የሚያዘገየው) ቦታ 120 ይጻፉ። ለስርጭቱ ድምፅ 48 ኪሎኸርዝና 128 ኪሎቢት ይምረጡ። ኢንተርኔቱ ሲደክም የድምፁን ጥራት መቀነስ ትርፍ የለውም፤ 2,500 ኪሎቢት የሚወስደው ምስሉ ስለሆነ ከእርሱ ይቀንሱ።

ኮሜንታሪው

የሬዲዮ አስተላላፊ ሜዳውን በቃል መሳል ነበረበት፤ በምስል የሚያስተላልፍ ሰው ግን ተመልካቹ የሚያየውን መድገም የለበትም። ከሱ የሚጠበቀው ማን እንደነካው፣ ፊሽካው ለምን እንደተነፋ፣ ማን ሊቀየር እየሞቀ እንደሆነ መናገር ነው። ውጤቱንና ደቂቃውን ግን ደጋግሞ ይናገር፤ ዘግይቶ የሚገባ ተመልካች ሁልጊዜ አለ። ጎል ከተቆጠረ በኋላ ስሙን ጠርቶ ጥቂት ሰኮንዶች ዝም ቢል፣ ያቺን ቦታ ሕዝቡ ይሞላታል።

አሰላለፉን ከቡድን መሪዎች ቀድመው ተቀብለው፣ የማልያ ቁጥሩን በትልቁ ጽፈው ኮሜንታተሩ ፊት ይለጥፉ። በአንድ ቡድን ሁለት ሦስት አቤል መኖሩ የተለመደ ስለሆነ የአባት ስም አብሮ ይጻፍ። ሁለት ሰዎች የሚናገሩ ከሆነ እጅ በማንሣት ተራ ይጠያየቁ፤ ኳስ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ስትገባ ተንታኙ ዓረፍተ ነገሩን ባይጨርስም ያቁም።

ከመጀመሩ በፊት

የማይኩን ራስ በጥፍርዎ በቀስታ ይጫሩ። ድምፁ በግልጽ ካልተሰማ ላፕቶፑ የራሱን ማይክ እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል። በስልክ ብቻ የሚያስተላልፉም ይህንኑ ያድርጉ፤ የብዙ ማይኮች መሰኪያ ዙሪያውን ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ሲሆን ስልኩ የሚፈልገው ሦስት ያለውን ስለሆነ፣ ያለ ማገናኛ ሲሰካ ስልኩ ምንም ሳይናገር በራሱ ማይክ ይቀጥላል። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ ማይኩን ሞኖ (በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሰማ) ያድርጉት።

አንድ ሰው ደግሞ ከሜዳው ራቅ ብሎ፣ በሌላ ስልክና በጆሮ ማዳመጫ ስርጭቱን እንደ ተራ ተመልካች ይከታተል። ስርጭቱ በብዙ ሰኮንድ ስለሚዘገይ የሚሰጠው አስተያየት ላለፈው ነገር መሆኑን አውቀው፣ የሕዝቡን ድምፅ ከፍና ዝቅ የማድረጉን ሥራ ለእረፍት ሰዓት ያቆዩት።