የገበያ ከረጢት አመራረጥ

አንድ ጊዜ ተይዞ የሚጣለውን ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ምትክ ከረጢት ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ገበያ ይመላለሳል የሚለው ነው።

ቤት ያለው ዘንቢል ወይም ጆንያ ካልተቀደደ አዲስ አይግዙ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ የጥጥ ከረጢት ለአየር ንብረት ከፌስታል የተሻለ የሚሆነው 131 ጊዜ ሲያገለግል ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ጨርቅ መሳይ ፕላስቲክ የሚሠራው 11 ጊዜ ይበቃዋል። በሳምንት ሁለቴ ገበያ ለሚወጣ ሰው 131 ማለት አንድ ዓመት ከሦስት ወር ግድም ነው። በየስብሰባው ታድሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከማቸው የጥጥ ከረጢት እንግዲህ ለማንም አልጠቀመም።

ጥጥ ነው የተባለውን ለማጣራት ከጠርዙ አንድ ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል። ፕላስቲክ ያለበት ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

ከረጢት የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ከማንጠልጠያው ነው። ገልብጠው ውስጡን ይዩት፦ ዙሪያው በአራት ማዕዘን፣ መሐሉ በመስቀል ካልተሰፋ ይተዉት። ጨርቅ መሳዩ ርካሽ ከረጢት ብዙ ጊዜ በሙቀት የተጣበቀ ነው፤ 5 ኪሎ ድንች ሲገባበት ይላቀቃል፣ ፀሐይ ላይ ከከረመም ይፈረካከሳል።

ለልብስ ሰፊ ማዘዝ ያዋጣል። 44 ሳንቲሜትር በ1 ሜትር የሆነ ሸራ ወይም ወፍራም አቡጀዲ፣ 3 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ጥብጣብ ደግሞ 3 ሜትር ይበቃል። ጥብጣቡ በከረጢቱ ሥር ዞሮ እንዲወጣ ይንገሩት፤ ያኔ ሸክሙ ስፌቱ ላይ ብቻ አያርፍም።

ከማዳበሪያ ጆንያ የሚሰፋው ከረጢት ጥንካሬው አይታማም። ነገር ግን የስኳር ወይም የዱቄት የነበረውን ይምረጡ፤ የእርሻ ማዳበሪያ የተያዘበት ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም።

ለቲማቲምና ለአቮካዶ ዘንቢልን የሚያህል የለም፣ ጎኑ ቆሞ ስለሚይዛቸው አይጨፈለቁም። ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይስቀሉት። በደሴ ክረምት እርጥቡን ጓዳ ካስገቡት ይሻግታል።

ሥጋና የሐይቅ ዓሣ መጀመሪያ ክዳን ባለው ዕቃ ይግቡ። ደም የነካውን የጥጥ ከረጢት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፤ ሙቁ ከቀደመ ደሙ ጨርቁ ላይ ይረጋል።