«እኔ ጋ ይሠራል» ከማለታችሁ በፊት፦ ጀማሪ ዌብሳይት ሠሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ዌብሳይት መሥራት ለጀመረ ልጅ የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ፣ የአስጎብኚ ወይም የካፌ ገጽ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያምራል። ፒያሳ ያለው ደንበኛ በስልኩ ሲከፍተው ግን ሌላ ነገር ያያል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ከዚህ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የኮምፒውተሩን መልእክት አለማንበብ ነው። ገጹ ባዶ ሆኖ ሲቀር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አልሠራ አለኝ፣ እርዱኝ» ማለት ይቀናናል። ኤፍ12ን ተጫኑና ኮንሶሉን፣ ማለትም ብራውዘሩ ስህተቶችን የሚጽፍበትን ክፍል እዩ። ቀዩ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ፋይሉንና የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ከላይኛው ጀምሩ፤ የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ መዘዝ ናቸው። ሰው መጠየቅ ካለባችሁም መልእክቱን እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ። ስክሪኑን በስልክ ያነሳችሁት ደብዛዛ ፎቶ ማንንም አይረዳም።

የፋይል ስም ላይ ግዴለሽ መሆንም አለ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ አንድ ያያል። ብዙ ሰርቨሮች (ዌብሳይቱ ተቀምጦ ለጎብኚ የሚቀርብባቸው ኮምፒውተሮች) የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያቸዋል። ላፕቶፕ ላይ የነበረ ፎቶ ሰርቨር ላይ ከጠፋ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። ሁሉንም በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይሙ። በቃ።

ሲኤስኤሱን፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ ቀይራችሁ ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ኮዱን ከማፍረሳችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና አርን አንድ ላይ ተጫኑ። ብራውዘሩ አሮጌውን ይዞ ሊሆን ይችላል።

አማርኛውን በኋላ አስተካክላለሁ ማለት ግን ከባዱ ስህተት ነው። ዩቲኤፍ-8 የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የማስቀመጫ ስልት ነው፤ በእሱ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ዳታቤዙ (የዌብሳይቱ መረጃ ማከማቻ) የግዕዝ ፊደል በማያውቀው በአሮጌው ስልት፣ በላቲን-1 ከተከፈተ የደንበኛው ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። አንዴ እንዲያ ከተቀመጠ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ገጹ ራስጌ ላይ፣ ዳታቤዙ ላይና በሁለቱ መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ከመጀመሪያው አረጋግጡ። ከሌላ ቦታ የቀዳችሁት የፎርም ማጣሪያም የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበል ከሆነ «ወርቅነሽ»ን ስም አይደለም ብሎ ይመልሳታል። ስልክ ቁጥርን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ የፊተኛዋ 0 ትጠፋለች። ፍለጋ ካላችሁም ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሃይ አንድ ውጤት እንዲያመጡ አድርጉ። ሰው እንደለመደው ነው የሚጽፈው።

ሰዓትና ቀን ላይ ደግሞ ጎንደር አትምርም። አስጎብኚው «ጠዋት 2 ሰዓት እንነሳለን» ብሎ ይነግራችኋል። እንዲሁ ከጻፋችሁት የውጭ አገሩ እንግዳ የሚረዳው ሌሊት 8 ሰዓትን ነው። ዳታቤዝ ውስጥ በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጡ፣ ለሚያነበው ሰው ስታሳዩ ቀይሩት። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በፈረንጆቹ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን ወደ 20 ይሸጋገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደሆነው። ኮዱ ውስጥ 19ን ቸክላችሁ ከተዋችሁ እንግዳው አልጋውን ለተሳሳተ ቀን ይይዛል፤ ያውም ከተማው በሚሞላበት ሳምንት። ቀኑን በእጅ አትቁጠሩ። ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሳይበት የራሱ መሣሪያ አለው።

የፋሲል ግቢን ፎቶ ከስልክ እንደወጣ መጫንም የተለመደ ነው። እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ አምስት ፎቶዎች 20 ሜጋባይት ናቸው፣ በጎብኚው ካርድ። ሲኤስኤስ ላይ ስፋቱን ማሳነስ መልኩን እንጂ ክብደቱን አይቀንስም። ከመጫናችሁ በፊት ፎቶውን ራሱን አሳንሱት፤ 1200 ፒክስል ስፋት ለአብዛኛው ገጽ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ አምስት ነገር በአንዴ ቀይሮ የትኛው እንዳበላሸ መፈለግ። አንዱን ቀይሩ፣ እዩት፣ ከሠራ የኮዱን ለውጦች በሚመዘግበው ጊት በተባለው ፕሮግራም ላይ ኮሚት አድርጉ፣ ማለትም ለውጡን መዝግቡ። ኮሚት ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፑሹ፣ ማለትም ኮሚቱን ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻ መላኩ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይደርሳል። መብራት ድንገት ቢጠፋባችሁም የምትከስሩት ከመጨረሻው ኮሚት በኋላ የጻፋችሁትንና ሴቭ ያላደረጋችሁትን ብቻ ነው።